የሌለውን ገመድ የጎተተው እጅ

ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ስለ ፉርጎና ስለ ፍሬን ስዘረዝር «ይቺ ደግሞ የት አየችው?» እንዳትሉኝ። ተወልጄ ያደግሁት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። ከዚህ እስከ ካምባ ተራራውን በአይሱዙ ተንገጫግጬበታለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ አምስተኛ ሆኜ ተጨናንቄ ሄጃለሁ፣ ሃዲድ የሚባል ነገር ግን በእኛ በኩል የለም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ኖሯል። ያን የሚያህል ብረት አንዴ መሄድ ከጀመረ እንዴት አድርጎ ነው የሚቆመው?

አስቴር እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ ኮፒ አነሳለሁ። የዚያን ጊዜዋን አስቴር ብታገኟት ብዙም አትወዷትም ነበር። እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ደግሞ ከእጇ የፈጠነ። የሰው ዕቃ እጄ ላይ ሲበላሽ አንዲት የተዘጋጀች መልስ ነበረችኝ። «ሲመጣም እንዲህ ነበር» እላለሁ፣ አለቀ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አንድ የጫኖ መምህር የልጆቹ ፎቶ ያለበትን ሃርድ ዲስክ አምጥቶልኝ ነበር። ቸኩዬ የላፕቶፕ ቻርጀር ሰካሁበት። ቃጠሎ ሸተተኝ። ከሰዓት ሲመለስ ፊቴን እንኳ ሳላጠቁር «መምህር፣ ይሄ እኮ ሲመጣም የሞተ ነው» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። አዎ፣ አመስግኖኝ!

ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት የባቡር መንዳት ጌም እጫወታለሁ። ጌም ስላችሁ ተኩስና ሩጫ እንዳይመስላችሁ። ባቡሩን ታስነሳላችሁ፣ ቁልቁለቱን በፍሬን ይዛችሁ ትወርዳላችሁ፣ ሰዓት ጠብቃችሁ ጣቢያ ትደርሳላችሁ፣ ሌላ ነገር የለውም። እህቴ «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ቅጣት?» ትለኛለች። ለዚህ ጌም ለብቻቸው እየተሠሩ በላዩ ላይ የሚጫኑ ባቡሮች አሉ። በዚያ ሰሞን አንድ የድሮ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ አግኝቼ፣ ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን ራሱን ማለቴ ነው፣ በሚቆራረጥ ኢንተርኔት ሦስት ቀን ሙሉ ሳወርደው ሰነበትኩ። የሠራው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እጁ ይባረክ! የሹፌሩ ወንበር ቆዳ የተቀደደበት ቦታ ሳይቀር አለ። ሞተሩ ሲነሳ የአየር መለኪያው መርፌ ትንቀጠቀጣለች። ድምፁንም ከእውነተኛ ሞተር ቀድተው ነው ያስገቡት ይባላል።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ሞተሩን አስነስቼ ድምፁን ሳዳምጥ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ብብታቸው ውስጥ ሰማያዊ ደብተር የያዙ ሰው ናቸው። ሥራ ፈት እንዳልመስል ስክሪኑን ልዘጋ ስሽቀዳደም እጃቸውን አነሱ።

«ተይው፣ አትዝጊው!» ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ቆዩ። «ይሄ ሞተር ገና አልሞቀም። ማነው በብርዱ የሚያስጮኸው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ አፍሬ። «ጌም ነው።»

«ጌምም ቢሆን ሳይሞቅ አይነዳም።»

ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በድሮው ሃዲድ ላይ ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ እዚህ በመምህርነት ከምትሠራው ልጃቸው ጋር ለመኖር መጡ። አንቱ ስላቸው ሳቁብኝ።

«አቦ እኔ የድሬ ልጅ ነኝ! አንተ በይኝ፣ አንቱታውን ለቄስ አስቀምጪው።»

እንዴት አድርጌ! እናቴ ብትሰማ ከነሕይወቴ አትተወኝም። «ጋሼ» በሚለው ተስማማንና አንቱታዬን ችለውኝ ቀጠልን።

ጉዳያቸው ደብተሩ ነው። የድሮ የባቡር ሠራተኞች ትዝታቸውን ሰብስበው ድሬዳዋ ላይ መጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው። የጋሽ ደምሴን ድርሻ ተይቤ እስከ አርብ መላክ አለብኝ። ከአርብ ካለፈ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ይገባል። «የእጄን ጽሑፍ ካላነበብሽው ጠይቂኝ፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» አሉኝ።

ጽሑፋቸው እንደ ማተሚያ የጠራ ነው። ጥያቄዬ ግን አላልቅ አለ። ማክሰኞ ዕለት እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እኔ እየተየብኩ፣ ፉርጎ ጣሪያ ላይ የወለደችውን ድመት፣ ሃዲድ ላይ ተኝቶ አልነሳም ያለውን ግመል አለፍን። እየሳቅን ነበር የምንሠራው። ምሳዬን ኩርኩፋ፣ ከሀለኮ ቅጠል ጋር የተቀቀለ የበቆሎ እንክብል፣ ሳቀርብላቸው የበቆሎውን እንክብል በጣታቸው ገፋ አድርገው «ይሄ ለፉርጎ መንኮራኩር መደገፊያ ይሆናል» ብለው እየቀለዱ ሙልጭ አድርገው በሉት። ከሰዓት ላይ ግን አንድ ገጽ ጋ ደረስንና ሳቁ ቆመ። እንዲህ ይላል፦

«ሁለት ሰዓት ዘግይተን ስለነበር ቁልቁለቱን ፈጠን ብዬ ጀመርኩ። ፍጥነቱ መጨመሩን እንዳየሁ ወዲያውኑ ሦስት አጭር ጥሩምባ ነፋሁ። ረዳቴ ሙሳ ግን የኋላው ፉርጎ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር አልሰማም።»

«ሦስት ጥሩምባ ምን ማለት ነው፣ ጋሼ?»

«የእጅ ፍሬን አጥብቅ ማለት ነው። እያንዳንዱ ፉርጎ ላይ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አለ። ረዳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ያጠብቃል። ጥሩምባ ካልሰማ ግን አይነካውም። ያለ ምልክት የእጅ ፍሬን የነካ ረዳት ይቀጣል፣ ሕጉ እንደዚያ ነበር።»

«ከዚያስ?»

ከዚያማ ባቡሩ አልቆም አለ። ጣቢያውን እያፏጨ አለፈ፣ ከጣቢያው ወዲያ ያለው ኩርባ ላይ ጨው የጫኑት ፉርጎዎች ተገለበጡ። ሰው አልሞተም። ሙሳ ሲዘል እግሩ ተሰበረ። ምርመራ ተደረገ፤ ጋሽ ደምሴ «ጥሩምባ ነፍቻለሁ፣ ተኝቶ ነበር» ብለው መሰከሩ። ሙሳ «አልተኛሁም» ቢል ማን ይስማው! ከሥራ ተባረረ።

«ሠላሳ ዓመት አልፎታል» አሉ ጋሽ ደምሴ መስኮቱን እያዩ። «ድሬ እስከ ዛሬ እንቅልፋሙ ሙሳ ነው የሚሉት። ልጆቹንም የእንቅልፋሙ ልጆች።»

«አለ እንዴ? በሕይወት?»

«አለ። ስልኩም አለኝ። ተደዋውለን ግን አናውቅም።»

«እና ይሄ እዚያው ከተማው ውስጥ ሊታተም ነው?»

«የሆነው ነገር ነዋ የሚታተመው!» አሉ ቆጣ ብለው።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን እኔን ታውቁኛላችሁ፣ ማለት አሁን እየታወቅን ነው፣ ጥያቄ አፌ ላይ ከመጣ ከንፈሬን ብሰፋውም ይወጣል።

«ጋሼ፣ ቁልቁለት ላይ እየተንገጫገጨ በሚወርድ ፉርጎ ላይ ሰው እንዴት ይተኛል?»

«ደክሞት ነዋ።»

«የአየር ፍሬን እያለስ የእጁ ለምን አስፈለገ?»

«አየሩ አልይዝ አለ።»

«ለምን አልይዝ አለ?»

«አንቺ ልጅ፣ ተይቢ!»

ተየብኩ። ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ረቡዕ ጠዋት እሳቸው ሳይመጡ ሱቄን ከፍቼ ያንን አሮጌ ሎኮሞቲቭ አስነሳሁ። አሞቅሁት፣ ተምሬአለኋ! ስምንት የተጫኑ ፉርጎዎች ከኋላው ቀጠልኩ፣ በጌሙ ውስጥ ካሉት መስመሮች ረዥም ቁልቁለት ያለውን መረጥኩ። ደብተሩ ላይ እንዳለው እንደ ዘገየ ሰው ነዳሁ። ፍሬን እይዛለሁ፣ ባቡሩ ቀስ ሲል «ዘገየሁ» ብዬ እለቃለሁ፣ ሲፈጥን መልሼ እይዛለሁ። በመጀመሪያው ያዘ። በሁለተኛው ለስለስ አለ። በሦስተኛው መርፌዋ ወርዳ ወርዳ ተኛች፣ ባቡሩም ጭራሽ የማያውቀኝ መሰለ። ጣቢያውን በመቶ ሃያ አለፍኩት። እኔ ነኝ ወይስ ጌሙ? ደገምኩት፤ ያው ሆነ።

ነገሩ የገባኝ የውኃ ጀሪካናችንን ሳስብ ነው። ቀጭን ቧንቧ ሥር አስቀምጣችሁ ገና ሳይሞላ በጨለፋችሁ ቁጥር ውኃው እያነሰ ይሄዳል አይደል? አየሩም እንደዚያው ነው። ፍሬኑን ከለቀቃችሁ በኋላ መልሶ እስኪሞላ መታገሥ አለባችሁ። የቸኮለ ሰው ግን አይታገሥም።

ጋሽ ደምሴ መጡ። አሳየኋቸው። ፊታቸው ጥቁር አለ።

«ጨዋታሽ ተሳስቷል።»

«ይሆናል። እንግዲያው እርስዎ ይንዱልኝ።»

«ፍሬኑ የት ነው?»

«ይሄ ፊደል።»

«በፊደል ባቡር አይቆምም!» ብለው ተነሱ። ተሽቀዳድሜ ጆይስቲኬን አወጣሁ፤ አንዱን ዘንግ ለፍሬን፣ አንዱን ለሞተሩ፣ ጣት ሥር ያለችውን ቁልፍ ለጥሩምባ አደረግሁላቸው። በእጃቸው መዘኑት። መጫወቻ እንደ ተሰጠው ትልቅ ሰው ሳይሆን ከፋብሪካ የመጣ ዕቃ እንደሚረከብ ሰው ነበር አያያዛቸው። ወንበሩን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ሞተሩ ተነሳ። መብራት ሄደ።

«እሰይ!» አሉ፣ በእርግጠኝነት ደስ ብሏቸው ነበር። እኔ ግን በንዴት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝ። መብራቱ የዚያን ዕለት አልመጣም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከተባባልነው ቀድመው መጡ። እንቅልፍ ያላገኙ ይመስላሉ። በቀጥታ ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

የመጀመሪያውን ጉዞ ብታዩት! ያ እንቅልፍ ያጣ ሽማግሌ ጠፋ። ሞተሩን አሞቁ፣ ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ እስኪወጠሩ በዝግታ ሳቡ፣ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ገና ባቡሩ ሳይፈጥን ፍሬን ያዙ፣ እስከ ታች ድረስ አልለቀቁትም። ጣቢያው ላይ አንድ ክንድ እንኳ ሳያልፉ አቆሙት። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ትናንት ጠዋት ሁለት ጊዜ ያመለጠኝ ቁልቁለት ነው።

«አየሽ?» አሉ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ። «ሹፌር እንዲህ ነው።»

«አየሁ ጋሼ። ግን የዚያን ቀን እንዲህ አልነዱም።»

«እንዴት ማለት?»

«ደብተሩ ላይ ሁለት ሰዓት ዘግይተው ነበር። ፈጠን ብዬ ጀመርኩ ብለው ጽፈዋል። እስቲ እንደዚያ ቀን ይንዱት።»

ለምን አልኩ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደግነት አልነበረም። ስለ ሙሳም አላሰብኩም። ማወቅ ብቻ ነው የፈለግሁት። አዩኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ጉዞውን ከጫፉ ጀመሩ።

ውጭ የባጃጅ ጥሩምባና የወያላ ጩኸት አለ። እሳቸው ግን አይሰሙም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ፍሬን ያዙ። ባቡሩ ቀስ ሲል «ኤጭ!» አሉና ለቀቁት። አንድ፣ አልኩ በልቤ። ፈጠነ፣ ያዙት፣ ቀስ አለ፣ ለቀቁት። ሁለት። መርፌዋን ያዩአታል፣ አይተው ያልፏታል። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። «ይደርሳል፣ ይደርሳል» ይላሉ፣ ለማን እንደሚሉት አላውቅም። ሦስት። ከዚያ በኋላ ቢይዙትም የሚይዝ ነገር አልነበረም። ፉርጎዎቹ ከኋላ እየገፉ መጡ፣ የሃዲዱ ድምፅ ወደ አንድ ረዥም ጩኸት ተለወጠ።

ያኔ ነው ያየሁት። ግራ እጃቸው ጆይስቲኩን ትቶ ወደ ላይ ወጣ። ከራሳቸው በላይ፣ ባዶ አየር ላይ፣ የሆነ ነገር ጨብጦ ሦስት ጊዜ ወደ ታች ጎተተ። የጥሩምባ ገመድ ነው። ገመዱ እዚያ የለም፤ ጥሩምባውም አልጮኸም፣ የጌሙ ጥሩምባ ጣታቸው ሥር ነበራ። እጃቸው ግን የሚያውቀውን ቦታ ያውቃል።

አፌን ምን ከፈተው!

«ጋሼ፣ ጥሩምባውን አሁን ነው እኮ የነፉት። ካመለጠዎት በኋላ።»

ስክሪኑ ላይ ባቡሩ ከሃዲዱ ወጣ። እጃቸው ገና ላይ ነበር። ቀና ብለው አዩት፣ የራሳቸው እንዳልሆነ ነገር። ቀስ ብለው አወረዱት። ተነሱ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱ፣ ሳይሰናበቱኝ ወጡ። ባርኔጣቸውም ደብተራቸውም ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ። ተከትዬ ወጣሁ፣ ግን መናኸሪያው ሕዝብ ውስጥ አጣኋቸው።

አርብ ጠዋት አራት ሰዓት ሆነ፣ አልመጡም። አምስት ሆነ። ቤታቸውን አላውቀውም፣ ስልክ ብደውል አይነሳም። ሁሉም ተተይቦ አልቋል። መላኪያውን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። ለራሴም ምን ስል እንደነበር ልንገራችሁ፦ «አስቴር፣ አንቺ ጸሐፊ ነሽ፣ ዳኛ አይደለሽም። ደንበኛው የጻፈውን ተይበሻል። ጽሑፉ ሲመጣም እንዲህ ነበር።» ይቺን መልሴን ስሰማት ለመጀመሪያ ጊዜ አስጠላችኝ። እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ቆሙ። ያለ ባርኔጣ ሲታዩ አርጅተዋል።

«ልከሽዋል?»

«አልላክሁም።»

ተነፈሱ። ቁጭ አሉ። «ያንን ገጽ አጥፊው።»

ፈራሁ። ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት የኖሩትን ነገር በአንድ ጌም ያፈረስኩባቸው መሰለኝ። «ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው። የሠራው ሰው ሊሳሳት ይችላል። የእርስዎ ባቡርም ይሄ አይደለም።»

«ጌሙ አይደለም የነገረኝ» አሉ። ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል። «እጄ ነው። ምላሴን ሠላሳ ዓመት አስለምጄዋለሁ፣ እጄን ግን ያስለመደው የለም። ምርመራው ላይ የመጀመሪያዋ ልጄ ገና መወለዷ ነበር። ሥራዬን ላጣ ነው ብዬ ፈራሁ፣ ዋሸሁ። በመጀመሪያ እየዋሸሁ መሆኔን አውቅ ነበር። ደግሜ ደጋግሜ ሳወራው ግን እኔም አመንኩት። ትናንትና እስከ ረፋዱ ድረስ አምኜው ነበር፣ አስቴር።»

ገጹን አጠፋሁት።

«ጻፊ» አሉ። «ቁልቁለቱ ላይ ስለ ቸኮልኩ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ለቀቅሁ። አየሩ እስኪሞላ አልታገሥኩም። ጥሩምባውን የነፋሁት ባቡሩ ካመለጠኝ በኋላ ነው። በዚያ ፍጥነት ከፉርጎ ፉርጎ መሻገር የሚችል ሰው የለም። ረዳቴ ሙሳ አልተኛም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጽፌ ጨረስኩና ቀና ስል ስልካቸውን አውጥተው ስም ሲፈልጉ አየሁ። «እሱ ሳይሰማው ማተሚያ ቤት አይገባም» አሉ። ጆሯቸው ስለሚደክም ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጠራ። ማንም አላነሳም። እንደገና ደወሉ። ልክ ሊቋረጥ ሲል የሻከረ ድምፅ መጣ።

«አሎ፣ ማነው?»

«ደምሴ ነኝ።»

«የትኛው ደምሴ?»

«ሹፌርህ።»

በዚያ በኩል አንድ ቴሌቪዥን ይጮህ ነበር። ሲዘጋ ሰማነው።

«ሙሳ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ «ጥሩምባውን ዘግይቼ ነው የነፋሁት። አንተ አልተኛህም።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ አጎንብሼ አየሁት።

«እንዳልተኛሁማ እኔ አውቃለሁ» አለ ሙሳ በመጨረሻ። «ለኔ ምን ትነግረኛለህ?»

«መጽሐፉ ላይ ጽፌዋለሁ። ስሕተቱ የኔ እንደሆነ ጽፌዋለሁ። ሁሉም ያነበዋል።»

«ፍሬኑን ስንት ጊዜ ለቀቅሁ ብለህ ጻፍክ?»

ጋሽ ደምሴ እኔን አዩኝ። «ሦስት።»

«አራት ነው» አለ ሙሳ። «ከሥሬ አየሩ ሲተነፍስ እየቆጠርኩ ነበር። በሁለተኛው ተነስቼ ቆምኩ። በሦስተኛው መንኮራኩሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጥሩምባህን ስጠብቅ ነው አራተኛውን የለቀቅከው።»

ጋሽ ደምሴ አለቀሱ። እንደዚያ ያለ ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ፊቴን ወደ ማተሚያው አዞርኩ።

«አሁን ለቅሶው ምን ያደርጋል፣ ደምሴ» አለ ሙሳ። ቁጣ የለውም፣ ሳቅም የለውም። «አራት ብለህ ጻፍ። መጽሐፉ ሲወጣ ደግሞ ለያንዳንዱ ልጄ አንድ አንድ እንዲሰጡልኝ አድርግ። አምስት ናቸው።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። እኔ አልሰማሁም። ስልኩ ሲዘጋ «ሦስት» የሚለውን አጥፍቼ «አራት» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ከዚያ ራሳቸው በጣታቸው ቁልፉን ተጭነው ላኩት። ባርኔጣቸውን ሰጠኋቸው። በሩ ላይ ዞር ብለው «ሞተሩን ሳታሞቂ እንዳታስነሺ» አሉኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ከዚያን ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ምላሴ አሁንም ይፈጥናል። ግን አንድ ልማድ አወጣሁ። ነገር እጄ ላይ ሲበላሽ መልስ ከመስጠቴ በፊት ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ያደረግሁትን ሁሉ እንደገና በእጄ አደርገዋለሁ። ምን ሰካሁ፣ መቼ ነቀልኩ። እናንተም ሞክሩት። ከሰው ጋር የተጣላችሁበትን ቀን በአፋችሁ አታውሩት፣ አፍ የለመደውን ነው የሚያወራው። ተነሱና በሩን የዘጋችሁበትን፣ ስልኩን የወረወራችሁበትን እጅ መልሳችሁ አንቀሳቅሱት። የሚነግራችሁ ነገር ላያስደስታችሁ ይችላል።

ጋሽ ደምሴ አሁንም አልፎ አልፎ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ያንን አሮጌ ሎኮሞቲቭ ይነዱታል፣ እኔ ምሳ እበላለሁ። ባለፈው ሙሳ ራሱ ደወለላቸው። ሲያወሩ የሰማሁት ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ቅባት ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ጽሑፉን በላክንበት በዚያው ሳምንት፣ እሑድ ከቸርች መልስ፣ በባጃጅ ጫኖ ሄድኩ። መምህሩን ቤቱ አጣሁት፤ ሚስቱ ወደ ማሳው አሳየችኝ። ማንጎው ሥር ቆሞ በአካፋ ቦይ እየከፈተ ውኃ ያስገባል። ሲያየኝ ደስ ብሎት እጁን በሱሪው ጠረገ።

«እንዴ አስቴር! በሰላም ነው?»

መንገዱን ሙሉ የተለማመድኩት ብዙ ነገር ነበር። ሁሉም ጠፋብኝ።

«መምህር» አልኩት፣ «ያ ዲስክ ሲመጣ ይሠራ ነበር።»